ስሰካው ይጠፋል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

መብራት ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። ለቡኮቶ፣ ለዚህ የሰው አገር ሰፈራችን፣ ጥሩ ቀን። አንድ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብሬ ጨረስኩ። አብሬያቸው የምኖረው እትዬ ቦጋለች ማቶኬ፣ የዚህን አገር አረንጓዴ ሙዝ፣ ቀቅለው ጠበቁኝ... ጾም ነውና ሌላ ምን ይበላል?

አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ፀጋዘአብ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። የእናቱ ቀብር ቪዲዮ ነው ያለበት። ወንድሙ ከመቀሌ በሰው እጅ ላከለት፤ ሌላ ቅጂ የለም። መርዶ ከተነገረው ሰንብቷል፣ ለቅሶ ግን አልተቀመጠም። "አፈር ሲመልሱባት ሳላይ ሞታለች አልልም" ይላል።

ሰካሁት። ኮምፒውተሩ ድርግም። ነገ ይሆናል አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

አልሆነም። አስነሳሁት፣ ሰካሁት፣ ጠፋ። ገመድ ቀየርኩ፣ ጠፋ። የገዛ ፍላሼን ሰካሁ... እሱም አጠፋው። ዲስኩ ደህና ነው ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። የተበላሸው የኔው ነዋ! በየጊዜው እንዲህ ሲጠፋስ ዲስኩን ቢገድልብኝ? ለፀጋዘአብ ምን እላለሁ?

እትዬ ቦጋለች ዓይን ነው አሉ። ጠበል አምጥተው ረጩት። ሊረጩኝ ወደኔ ሲዞሩ ወጥቼ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 26

ኮምፒውተሩን በቦዳ ሞተር ወደ ካምዎክያ ሰፈር ወሰድኩ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ። ጠጋኙ ሃሩን ቫይረስ ነው አለ። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫነው። የራሱን ፍላሽ እየደጋገመ ሰካ፣ አንዴም አልጠፋ። እንግዲህ ዳነ ብዬ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ሰካሁ። ድርግም።

በንዴት አለቀስኩ። ማልቀስ የነበረበት ፀጋዘአብ፣ የማለቅሰው እኔ።

ሰኞ፣ ኅዳር 29

ሃሩን ዲስኩን አምጪው፣ እዚህ ልገልብጥልሽ አለ። ለፀጋዘአብ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እናቴን መንገደኛ ሁሉ ሱቅ ውስጥ ቆሞ አያያትም። አንቺ ቤት ይሁን።"

ልጮህበት ምንም አልቀረኝም። እሱም ከሥራ ከቀረ ሰነበተ። ለቅሶ ለመድረስ የሄደ ሰው ቢያንኳኳ በሩን አይከፍትም። መጀመሪያውኑ ለምን እሺ አልኩ?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

ልደታ። እትዬ ቦጋለች እንደ ወር ልማዳቸው ጠበል ይዘው ቤቱን ዞሩ። በሩን፣ አልጋዬን፣ ጫማዬን ሳይቀር። ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርሱ ጨመር አደረጉለት። ጠብታው በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ወረደ... ዘወትር የምሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

በስልኬ መብራት አየሁት። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ስሰካ እየተነካኩ ነው የሚያጠፉት። ይሄ ኮምፒውተር እዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ በየወሩ ሲጠመቅ ኖሯል! ሃሩን ለካ ከኋላው ቀዳዳ ነው ሲሰካ የነበረው። እኔ ቤት ኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማን አስታወሰው?

ደሜ ፈላ። "እትዬ፣ እርስዎ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ዛሬ ይሠራል። ለልጁ ስል ሌሊቱን ስጸልይ ነው ያደርኩት" አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

ዋጥኩት። ጠረጴዛውን ስቤ ከኋላ ሰካሁ። ተከፈተ።

"አላልኩሽም?" አሉ።

መጀመሪያ ገለበጥኩት፣ ከዚያ ፀጋዘአብን ጠራሁት። ድንኳኑን አየ፣ ሳጥኑን አየ። አፈሩን ሲመልሱ እጁን ስክሪኑ ላይ አደረገ።

"ሞታለች፣ ዓለምሸት" አለኝ።

እትዬ ቦጋለች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቡ ተቀመጡ። ያኔ አለቀሰ። ጎረቤቱ ሰምቶ መጣ፣ ቤቱ ሞላ። ኮምፒውተሩ አልጠፋም።

ዓርብ፣ ጥር 1

ፀጋዘአብ ሥራ ጀምሯል። ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ እትዬ ቦጋለችን "እማማ" ብሎ ሰላም አላቸው። በፊት እንዲህ አይልም ነበር።

ዛሬም ልደታ። የፊቱን ቀዳዳዎች በፕላስተር አሽጌያቸዋለሁ። እትዬ ይሄ ምንድን ነው ቢሉኝ ለአቧራ ነው አልኳቸው። መቼም አልነግራቸውም። ኮምፒውተሩን ረጩት፣ እንደ ልባቸው።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እንደምሸሽ ያውቁ ነበርና እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ።

"ለኔም ጨመር ያድርጉልኝ" አልኳቸው።