ኬኩ ዛሬ አይበላም

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9

ዝናብ። ቦሎቄ ቀቀልኩ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋገርኩ። ሀርላን ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን አሁንም የምቀቅለው ለሁለት ሰው ነው። የባል ነገር ከእጅ አይወጣም መሰለኝ።

ጎረቤቴ ቨርሊን አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ "ኦርፋ! ትናንት የቤዝቦሉን ጨዋታ አየሽው? ውይ ይቅርታ... አንቺ ለካ ኬብል የለሽም!" አለኝ። በየወሩ የምከፍልበትን የቴሌቪዥን ኬብል ካስቆረጥኩ ጀምሮ ቀልዱ ይቺው ናት። "ተመልሰሽ ትለምኛቸዋለሽ" ይላል ደግሞ። አልለምንም! የኬብሉን ሳጥን በገዛ እጄ ተሸክሜ ነው የመለስኩላቸው። ኳስ የሚያየው ሀርላን ነበር። እኔ ያን ሁሉ ጣቢያ ምን ላደርገው?

የቨርሊን ሰሃን አሁንም እኔ ጋ ነው። ጉንፋን የጣለኝ ጊዜ ዳቦ ያመጣበት። በእኛ ሰፈር የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። አፉን እስኪሰበስብ ደግሞ ምንም አልሞላለትም። ታግቶ ይቆይ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 11

ድሪማ ደወለች።

"እማዬ፣ ቁጭ ብለሻል?"

"ምነው? ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ምንም አልሆንኩም። በቴሌቪዥን ልወጣ ነው። በምግብ ጣቢያው፣ ውድድር ላይ።"

የተቀረጸው በመከር ነው አለች። እስከ ዛሬ አፏን ዘግታ!

"አሸነፍሽ?"

"መናገር አልችልም፤ ፈርሜያለሁ።"

"ለእናትሽም?"

"ለእናቴ በተለይ።"

ታውቀኛለች። ለእኔ መንገር ለመላው ኬንታኪ መንገር ነው።

የሚተላለፈው ሐሙስ 25 ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። በዚያ ሳምንት እሑድ ደግሞ ትመጣለች። "ቁልል ኬክ ጋግረሽ አቆዪኝ" አለችኝ። ሌክሲንግተን ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ስታበስል ስንት ዓመቷ... አሁን አገር ሊያያት ነው! የእኔ ልጅ! ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን በሳሎኑ ውስጥ ተንጎራደድኩ።

ከዚያ ትዝ አለኝ። ኬብል የለኝም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ከመዘምራኑ መካከል አጠገቤ ለምትቆመው ለኮርዲያ በጆሮዋ ነገርኳት። የመጨረሻው መዝሙር ሳያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ሰማ። "ሐሙስ ሁላችንም አንቺ ቤት ነን!" አለች። "እንዴታ!" አልኩ። አይ አፌ...

ቨርሊን ፈገግ ብሎ መጣ። "እኔ ቤት ኑ። ኬብል አለኝ፣ ወንበርም አለኝ።"

"ልጄን የማያት በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ቴሌቪዥኔ ነው!" አልኩት፣ በሰው ሁሉ ፊት። አሁን ወደ ኋላ ማለት የለም። ባላሳያቸው ምን ይውጠኛል?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 17

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚሰካ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ ገዛሁ። በኢንተርኔት ማንኛውንም ጣቢያ ያመጣል ብሎኛል ሻጩ። ሰካሁት። ሠራ! የምግብ ጣቢያውን አፕ ፈልጌ አገኘሁ። እልል ልል ስል እንዲህ የሚል ጽሑፍ መጣ፦ "የኬብል ኩባንያዎን ይምረጡ።"

ኬብል ቢኖረኝ አንተን ምን ብዬ እፈልግሃለሁ?!

ሪሞቱን ወረወርኩት። ሶፋው ላይ ነው የወረወርኩት... ሌላ ሪሞት የለኝም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 20

ያለ ኬብል ጣቢያዎቹን አንድ ላይ የሚሰጡ አገልግሎቶች አሉ አለችኝ ድሪማ። አንዱ ላይ ተመዘገብኩ። ዓሣ ማጥመድ የሚያሳይ ጣቢያ ሞልቶታል፤ የምግቡ የለም።

"እማዬ፣ መጀመሪያ የጣቢያዎቹን ዝርዝር ማየት ነበረብሽ እኮ።"

"አሁን ነው የምትነግሪኝ?"

ሰረዝኩት። ሌላ ሞከርኩ። ይሄኛው አለው! የመጀመሪያው ሳምንት ለሙከራ በነፃ ነው፤ ሐሙስን ያሻግረኛል። ስከፍተው አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ትከትፋለች። ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ለሽንኩርት!

በሰባ አንድ ዓመቴ ማንም ባለሙያ ቤቴ ሳይመጣ፣ ራሴ አስገባሁት። ሀርላን ቢያየኝ...

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23

መስኮቱ ክፍት ነበር። ቤዝቦል አየሁ፣ ለመለማመድ። ቨርሊን ከቤቱ "ሂድ! ሂድ! ሂድ!" እያለ ጮኸ። በእኔ ቴሌቪዥን ተጫዋቹ ገና ዱላውን እያወዛወዘ ነው። ቆይቶ መታ፣ ሮጠ።

የኢንተርኔቱ አንድ ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል ለካ።

በአጥሩ በኩል ነገርኩት። ሳቀ፣ ሳቀ... "ተራራውን ዞሮ እስኪመጣ ነዋ!"

"ሐሙስ ድምፅህን ብሰማ ወዮልህ።"

"ከቤቴ ሆኜ አያለሁ፤ ትንፍሽ አልልም።"

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25

ጠዋት ጋገርኩ። ሰባት ስስ ቂጣ፣ በጥንቅሽ ማርና በዝንጅብል። በየመሃሉ የደረቀ ፖም ቅቅል እየቀባሁ ቆለልኩት፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ጓዳ አስገባሁት። እስከ እሑድ ማንም አይነካውም። በዕለቱ ቢቆረጥ ቆርቆሮ ነው። ፖሙ ቀስ እያለ ሲሰርግበት ነው ኬክ የሚሆነው። እናቴ ስትዳር እንግዳው ሁሉ ከየቤቱ አንዳንድ ቂጣ ይዞ መጥቶ ነው የተቆለለው። ኬኩ በረዘመ ቁጥር ሙሽሪት የተወደደች ናት። የእናቴ አሥራ አንድ ነበር።

ምሽቱን ልጻፍ።

ሳሎኑ ሞልቷል። ሰዓቱ ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ኢንተርኔቱ ሲዘገይ የምትመጣዋ ክብ ዞረች... ዞረች... "ጸልዩ!" አለች ኮርዲያ። ተከፈተ። ድሪማ! ፀጉሯን በሻሽ አስራ ቁርጥ እናቴን መስላለች። ሁሉም ጮኸ።

ፈተናው፦ የቤታችሁን ምግብ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ።

ልጄ ምን አለች? "ቁልል ኬክ እሠራለሁ።"

ኮርዲያ ወደ እኔ ዞረች። "በሁለት ሰዓት?"

"ሰምቻለሁ።"

"ኦርፋ፣ በሁለት ሰዓት እኮ..."

"ሰምቻለሁ አልኩሽ!"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች... የእናቴን ኬክ በአገር ፊት ልታዋርደው ነው። ማን አሳደጋት? እኔ። ወዴት ልግባ አልኩ።

ዳኛው ነከሰ። ሲነክሰው ይሰማል! "ደረቅ ነው" አለ።

"አዎ ጌታዬ" አለች ድሪማ፣ ፊቷ ቅጭም ሳይል። "ይሄ ኬክ ዛሬ አይበላም። ቁረጪ ስላላችሁኝ ቆረጥኩ። ሌላ ትንሽዬ ሠርቼ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ እሱን ከነገ ወዲያ ቅመሱት።"

"ታዲያ ለምን ክሬም አልቀባሽበትም?"

"መቀባትማ እችል ነበር። እናቴ ካየችኝ ግን ቤት አታስገባኝም።"

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አለቀስኩ። ውጤቱ ገና አልተነገረም፤ ግን ኮርቻለሁ። ልጄ ሽልማት ፊቷ ተቀምጦ አልዋሸችም። እውነቱን ተናግራ፣ ቀና ብላ ቆመች።

ተሸነፈች። ሽልማቱ ሽሪምፕ ለጠበሰው ሰውዬ ሄደ። የፕሮግራሙ ሠራተኞች ስም በስክሪኑ ላይ መውረድ ሲጀምር ተነሳሁ። ሰው እያየኝ ነው... ልዘጋው ሪሞቱን አነሳሁ።

በሩ በርግድ አለ። ቨርሊን! በካልሲ! ሣሩን አቋርጦ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ።

"እንዳትዘጊው! ኦርፋ፣ እንዳትዘጊው! ከስሙ በኋላ አለ!"

"ምን አለ?"

"እኔም አልጨረስኩትም! በእኔ ቴሌቪዥን ኬኩን ሲያወጡት ሳይ ሮጥኩ! ዝም ብለሽ እዪ!"

ስሙ አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ "ከሁለት ቀን በኋላ" የሚል ጽሑፍ። ካሜራ ያዦቹ፣ መብራት ያዦቹ፣ ያ ዳኛም፣ ትንሿን ኬክ ከበው ቆመዋል። ዳኛው አንድ ጎረሰ። ሁለተኛ ቁራሽ አነሳ። ፍርፋሪውን በጣቱ እየለቀመ፣ አፉ ሞልቶ፣ "የዚያችን ልጅ ስልክ የያዘ ማን አለ?" አለ።

አለቀ።

ኮርዲያ እጄን ይዛለች። ቨርሊን ወደ ካልሲው እያየ አፍንጫውን ጠረገ። የሚያለቅሰው ለእኔ ልጅ ብሎ ነው...

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26

ስልኩ ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ኬኩን አልነካሁትም። ሁለት ጊዜ ብቻ አሸተትኩት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 28

መጣች። በሩ ላይ አቅፌ አልለቅ አልኩ።

"አላፈርሽብኝም?"

"መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ በማፈሬ አፈርኩ።"

ሳቀች። ዳኛው ያኔውኑ ደውሎላት ነበር፤ ለልጁ ሠርግ ቁልል ኬክ አዝዞ። ስንት ቂጣ? አሥራ አምስት! የእናቴን አለፈች። ይሄንንም ደብቃኝ ከረመች።

ኬኩን ቆረጥን። ቢላዋው ያለ ድምፅ ገባ። አንዱን ትልቅ ቁራሽ በቨርሊን ሰሃን አድርጌ ሣሩን ተሻገርኩ።

"ሰሃኔ! ሞታለች ብዬ እርሜን አውጥቼ ነበር" አለ።

"እኔ ኢንተርኔቱን ልቀጥለው ነው። አንተም ኬብልህን አስቆርጥ፤ እንዴት እንደሚሆን አሳይሃለሁ።"

እየጎረሰ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "አይሆንም። አንድ ሰው ቀድሞ ማየት አለበት።"

ቀድሞ ይይ። በሩን አልቆልፍም።