ስልኩ አታጠጡ ያለን ሽንኩርት

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይን ያጠፋል ይላሉና ዓይንህንስ እንዴት አድርጎሃል? በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቁርስ የሚታወስህ ሲመሽ ነው? እኛ በጤናችን ደህና ነን፣ ተመስገን። እናታችንም ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ የላትም። ደህና ነን ስልህ ግን በጤናው ብቻ ነው። በንዴት ጦፌ ነው የምጽፍልህ፣ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የማዕከላችሁ ሾፌር ደብዳቤህንና ቅጹን ሐሙስ ዕለት አድርሶኛል። ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በዩኒቨርሲቲው የስማርት ግብርና ማዕከል የተተከለልን የአፈር እርጥበት መለኪያ ውሃ ቆጥቦልናል፣ ምርታችንንም አሻሽሎልናል ይላል፤ ከታች የባለማሳው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። አንተ ደግሞ እትዬ፣ እማዬን አስፈርሚና በሾፌሩ መልሺልኝ፣ የመመረቂያ ጥናቴ የቀረው እሱ ብቻ ነው ብለሃል። የትኛው ምርት ነው የተሻሻለው? አንተ ልጅ፣ ትንሽ አታፍርም?

ከሥሩ ልንገርህ፣ እዚያ ስክሪን ላይ ስለማይታይህ። ሽንኩርቱ በተተከለ በወሩ ሦስት ተማሪዎች ከማዕከሉ መጡ። መለኪያዋ ክንድ የምታህል ዘንግ ናት፣ ሽቦና ባትሪ አላት። የዚያን ቀን ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበርና ልጆቹ የማሳውን መሀል አንዴ አየት አድርገው ጥላ ፍለጋ የቤቱ ግድግዳ ሥር ገቡ፤ እዚያው ቆፍረው ተከሏት። ከቧንቧው አራት እርምጃ ብቻ! የትኛው ቧንቧ መሰለህ? አንተ ራስህ ከመሄድህ በፊት በጎማ ቁራጭ የጠመጠምከው፣ ዛሬም ጠብ ጠብ ሲል የሚውለው ነው።

አይቻለሁ እኮ። አይቼ ዝም አልኩ። ጢማሙ ተማሪ አፈር ማለት ምን እንደሆነ፣ እርጥበት ማለት ምን እንደሆነ፣ በዕድሜዬ ማሳ ረግጬ እንደማላውቅ አድርጎ ያስረዳኛል፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አዎ፣ አዎ እላለሁ። የተማሩ ናቸው፣ የወንድሜ ጓደኞች ናቸው፣ እንግዳ አላሳፍርም ብዬ ነው። ምነው ያን ቀን አፌን ከፍቼው ቢሆን! ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም።

ከዚያ በየጠዋቱ ስልኬ ላይ መልእክት መምጣት ጀመረ፤ የአፈሩ እርጥበት በቂ ነው፣ ዛሬ አታጠጡ ይላል። እኛም አላጠጣንም። አሥራ ዘጠኝ ቀን! ያውም ሽንኩርቱ ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ። የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሲሆንብኝ ደወልኩልህ። ምን አልከኝ? እትዬ፣ የእናንተ ማሳ እኮ እዚህ ትልቁ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ዳታው አይዋሽም አልክና ሳቅህብኝ። ይበልጥ ያቃጠለኝ ሳቅህ ነው። ዘንጓ የት ተተከለች ብለህ አንዲት ቃል አልጠየቅህም። እዚሁ አፈር ላይ ድኸህ ያደግህ ልጅ!

በሃያኛው ቀን በራሴ ሥልጣን ውሃውን ለቀቅኩት፤ ምን ዋጋ አለው፣ አልፎበታል። ስንነቅለው አብዛኛው አውራ ጣቴን አያክልም። ያማረው ቧንቧው ሥር ያለው አንድ መደብ ብቻ ነው። ጢማሙ ጓደኛህ መጥቶ እሱኑ ፎቶ አንስቶ ሄደ።

መለኪያዋን ጠላች እንዳትለኝ። እሷ ምን ታድርግ፤ ያቆሟት እርጥብ ቦታ ነው፣ እርጥብ ነው አለች። እኔን ያንገበገበኝ ቅጹ ነው። እሱ ከተፈረመ በመጪው የመትከያ ወቅት ለአርባ ጎረቤቶቻችን እንደሚተከልላቸው ሾፌሩ ነግሮኛል። ከአጥር ማዶ ያለችው ባልቴት፣ ነገሩ ጠቀማችሁ ወይ እያለች በየቀኑ ትጠይቀኛለች። የእሷ ማሳ ከእኛም ያንሳል፤ አንዴ ከደረቀባት ዓመቱን ምን ልትበላ ነው? የምታምነው እኮ የእኛን ፊርማ አይታ ነው!

ስለዚህ አልተፈረመም። ቅጹን ገልብጬ በጀርባው የሆነውን ሁሉ ጽፌበታለሁ፤ ቧንቧውንና ዘንጓንም ሥዬ በመሀላቸው አራት እርምጃ ብያለሁ። ይህን ይዘህ መምህሮችህ ፊት ቁምና ጮክ ብለህ አንብብ። የምታስተምሩትም የምትመራመሩትም ለእኛ ለገበሬዎቹ ከሆነ ይማሩበት። ምረቃዬ ይዘገይብኛል ትለኝ ይሆናል። ይዘግይ! ካባረሩህም ና፤ ዶማውም መደቡም አለ፣ እህትህ ጦምህን አታሳድርህም። ዋሽተህ ተመርቀህ ግን በካባ የተነሳኸውን ፎቶ እንዳትልክልኝ፣ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅለውም።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ እሱ የዋህ ነው፣ ቧንቧውን እኔ እጠግነዋለሁ ብሎ ከጠዋት ጀምሮ እየነካካው ነው። ትንሿ ልጄ አጎቴን አኩርፌዋለሁ በይልኝ ብላለች፤ ባለቀለም እርሳስ ይላክልኝ ማለቷን ግን አልተወችም።

የእናታችንን ሰላምታ ወደ መጨረሻ ያደረግኩት ለመጻፍ ስለከበደኝ ነው። መልእክቱን በየጠዋቱ ተነስተህ የምትጽፈው አንተ ትመስላታለህ። ማሽን ነው ብላትም አትሰማኝም። ሁለት ሁለት ጊዜ ታስነብበኝና ስልኩን እያየች እሺ ልጄ ትላለች። የውሃውን ጎማ ባነሳሁ ቁጥር ልጄ አታጠጡ ብሏል እያለች ቧንቧው አጠገብ ቁጭ ብላ የከለከለችኝ እሷ ናት። ቅጹ ሲመጣም አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ነበር፤ ከእጇ ነጥቄያት ነው። ሰላምታዋን እንዳለችው እጽፍልሃለሁ፤ ለአስተማሪዎቹ፣ ሽንኩርቱን ሳላጠጣ ያደረቅሁት እኔ ነኝ፣ በስንፍናዬ ነው በሉልኝ፣ ልጄን እንዳይቆጡት ብላለች።

እትዬ የምትላት እህትህ
ከእናታችን ቤት
ኅዳር 9 ቀን