ስልኬ ውስጥ ያገኘሁት ሁለተኛ ጣት

ሉሊት፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። እኔን አልበላ ብሎኛል።

የግብርና ጽሕፈት ቤታችን አካውንት ያለ ፓስወርድ፣ በጣት አሻራ እንዲከፈት ስልኬ ላይ ስታስተካክዪልኝ መርቄሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሴቲንጉን ከፍቼ ሳየው የተመዘገበው ጣት ሁለት ነው። አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላው ያንቺ።

ታምሜ የተኛሁ ለት፣ ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሄደሽ የጎርፉን ጉዳት ልታዪልኝ ስልኬን ይዘሽ ወጣሽ። ያየሽውን ነግረሽኝ ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንቺ ግን «ማሳው ደህና ነው» ብለሽ፣ በጣትሽ ከፍተሽ በስሜ ላክሽው።

ጫማሽ ንጹሕ እንደሆነ ነበር የተመለስሽው። በክረምት ከቁሐር በንጹሕ ጫማ የሚመለስ ሰው የለም።

ትናንት የቁሐሩ ገበሬ አያ ማረው ሰላምታዬን አልመለሱም። ሩዛቸውን ደለል ውጦታል፤ የእርዳታው ዘር ለሌላ ቀበሌ ሄዷል።

ጣትሽን ከስልኬ አጥፍቻለሁ። የራስሽን በራስሽ ስልክ አስገቢ፤ ሴኩሪቲ የሚለው ውስጥ ታገኚዋለሽ።

እኔ ሪፖርቱን ላስቀይር ደብረ ታቦር ሄጃለሁ።

ቦት ጫማዬ በሩ ሥር ነው፤ ጭቃውን አላጠብኩትም። ሪፖርቱን ማን እንደጻፈው ለአያ ማረው ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ።

ዛሬ ማሳቸው ላይ እየጠበቁሽ ነው።

ሰሚያ