ጋሽ ዲንሳ የመረቁት ወለል

ውድ እናቴ ዲንቄ፣

እንዴት ከርመሻል፣ እማዬ? ጉልበትሽ በደምቢ ዶሎ ሙቀት ትንሽ ለቀቀልሽ ወይስ አሁንም ስትነሺ «ጌታዬ» ትያለሽ? የአያቴ የአኮስ የተሰበረ ዳሌ ገጠመላት? ምርኩዟን ይዛ ደጅ ወጣች ሲሉኝ ብቻዬን እልል አልኩ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጀምሯል እንጂ ሌላ የሚያስከፋኝ የለም። ማለቴ፣ ነበረ፤ አሁን የለም። በስልክ ያልነገርኩሽ እዚያ ቤት ስልክ የሚወራው በስፒከር ስለሆነ ነው። አኮ ሰማች ማለት አገር ሰማ ማለት ነው። መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው፣ ከዚያ ለእሷም አንብቢላት።

በክረምቱ የሳሎኑ ጣራ እንዳፈሰሰብን ታውቂያለሽ። ቆርቆሮውን ወዲያው አስጠግኜዋለሁ፤ ነገር ግን ሊሾው ተሰነጣጥቆ፣ ላዩ ላይ ያለው የፕላስቲክ ምንጣፍ ሻገተ። ጋሽ ዲንሳ ይህን አይተው ሄዱና በቸርች በር ላይ፣ ከአምልኮ በሚወጣው ሰው ሁሉ ፊት፣ «የሟች ወንድሜን ቤት ልጅቷ አፈረሰችው፤ ሴት ብቻዋን የያዘችው ቤት መጨረሻው ይኸው ነው» አሉ። ልጃቸው ኤልቃና ገብቶ ቤቱን ይያዝ፣ እኔ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ሄጄ ጓዳ ልደር ነው ነገሩ! ኤልቃና ራሱ ደውሎ «ኡርጂ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? ማን የእናንተን ዳገት ይወጣል በየቀኑ?» አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎች ቤቱን አይተው ሊወስኑ ተቀጠረ። ካርታው በአንቺ ስም መሆኑን አውቃለሁ። ግን ደግሞ አንቺንም አውቅሻለሁ፤ ሽማግሌ «ይሁን» ካለ «እሺ» ትያለሽ። የፈራሁት እሱን ነው። ያን ቀን እስከ ቀበና ድልድይ እያለቀስኩ ወረድኩ። ስመለስ ግን ለቅሶዬን ጨርሼ ነበር።

በማግስቱ መገናኛ ሄጄ የእንጨት መልክ ያለው፣ ቪኒል የሚሉትን የፕላስቲክ ጣውላ ገዛሁ፤ አንዱ ጠርዝ ሌላው ውስጥ ቀጭ ብሎ የሚገባውን፣ ማጣበቂያ የማይፈልገውን። ሻጩ «ሠሪ ልላክልሽ?» ሲለኝ «ሠሪዋ እኔ ነኝ» አልኩት። የሻገተውን ምንጣፍ አውጥቼ ጣልኩ፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንኩ፣ ሲደርቅ ማንጠፍ ጀመርኩ። አቆራረጡ እንዴት ደስ እንደሚል! በካተር አንዴ ጫር ታደርጊውና ሰበር ሲሆን ቀጥ ብሎ ይሄድልሻል። የበሩ መቃን ጥግ ሲያስቸግረኝ የተማሪዎቼን የድሮ ፈተና ወረቀት በልኩ ቀድጄ፣ እሱን ቪኒሉ ላይ አስቀምጬ ቆረጥኩ። ጎረቤታችን ኩልሱም ሜትር ልትይዝልኝ መጥታ እያንዳንዷን ጣውላ በጎማ መዶሻ በመታሁ ቁጥር «የጋሽ ዲንሳን ራስ እያሰብሽ ነው አይደል?» ትለኛለች። አልዋሽሽም፣ እያሰብኩ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጨረስኩ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ መርፌ የማያስገባ! ከሰዓት በኋላ በትልቁ መስኮት ፀሐይ ስትገባ ግን መሀሉ እንደ ቂጣ ተነፋ። ኩልሱም በሩ ላይ ቆማ «ውይ፣ ወለልሽ አረገዘ እንዴ?» አለች። ሙቀት ነገርን ያሰፋል ብዬ ዘጠነኛ ክፍልን ፊዚክስ የማስተምር ሴት፣ ለገዛ ወለሌ መላወሻ ነፍጌው! እየሳቅንም እየተራገምንም ዳር ዳሩን አንስተን፣ ዙሪያውን የጣት ስፋት ያህል ቆርጠን፣ ክፍተቱን በግድግዳው ግርጌ በሚሄደው ዞኮሎ ሸፈንነው። ወለሉ እፎይ ብሎ ተኛ። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ጋሽ ዲንሳ ጓዳ ብገባ የምሆነው ይህንኑ ነበር።

እሑድ መጡ፤ ጋሽ ኤጀታና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከፊት ጋሽ ዲንሳ። የተዘጋጁት ለሻጋታ ነበር። ጋሽ ዲንሳ በሩ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጫማቸውን አወለቁ! የግራ ካልሲያቸው አውራ ጣታቸውን አውጥቶት ነበር፤ አላየሁም አልልሽም። በልጅነታቸው አናጢ ቤት ስለሠሩ እንጨት ላይ ማንም እንደማይደርስባቸው ታውቂያለሽ። ጎንበስ ብለው ዳሰሱና «ዋንዛ ነው። እንዲህ ያለ ዋንዛ ካየሁ ዘመኔ! አንቺ መቼም አናጢ ማግኘት ታውቂያለሽ፤ ይህን የሠራ እጅ ይባረክ» አሉ።

«አሜን!» ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ካተር የቆረጠው ጣቴ በፕላስተር እንደታሰረ ነበር።

ጋሽ ዲንሳ ፕላስተሩን አዩ፣ ወለሉን አዩ። ከዚያ ወለሉን በጣታቸው አንኳኩና «ይሄማ ፕላስቲክ ነው!» ብለው ጮኹ። እኔም «ወለሉ ፕላስቲክ ነው ጋሼ፣ ምርቃቱ ግን የእውነት ነው» አልኳቸው። ጋሽ ኤጀታ እስኪያስላቸው ሳቁና «ዲንሳ፣ አሁን የመረቅከውን እጅ ከቤቱ ልታስወጣ ነው? የወጣ ምርቃት ተመልሶ አይዋጥም» አሏቸው። በቃ፤ ቤቱን ማንም አይነካም ተባለ። ጋሽ ዲንሳ ሲወጡ «እጅሽ ጥሩ ነው፣ አፍሽ ነው እንጂ» አሉኝ። «አፌ ባይኖር እጄን ማን ያይልኝ ነበር?» አልኳቸው። ገና አልታረቅኩም፤ በቸርች በር ላይ ያሉትን እዚያው በር ላይ እስኪመልሱ ሰላምታ እንጂ ሳቅ አያገኙም። ከደወሉልሽ ግን እባክሽ እማዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «እሺ» አትበዪ።

አኮ ጅሬኛን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የምርኩዟን ጫፍ ጎማ አልብሼ እልክላታለሁ። አክስቴን ዳርቱን ማሯ ደርሶኛል፣ ግማሹን ኩልሱም እንደበላችው ንገሪያት። ልጇን ጵርስቅላን ትምህርቷን እንዳትተው በይልኝ፤ ስትመጣ መዶሻ አስይዛታለሁ። አንቺም ቶሎ ነይልኝ። ስትመጪ ጫማሽን በር ላይ አውልቂ፤ ጋሽ ዲንሳም አውልቀዋል።

ልጅሽ ኡርጂ
አዲስ አበባ፣ የካ፣ ከቀበና በላይ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.