ከደረጃው ሥር

ጥቅምት 4
የዳቦ ቤቱን ታፔላ ጨረስኩ። እጄ ቀለም ቀለም እንደሸተተ ወደ እንስሳት መጠለያው ሄድኩ። ቤቱ ከብዶኛል... አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን አሁንም የምሰማው ይመስለኛል። ሌላ ትንፋሽ ቢኖር ይሻላል ብዬ ነው።

ጥጃ የሚያህል ውሻ ሰጡኝ። ቀና ብሎ ሰው አያይም። ጠባቂዋ፣ "ፈሪ ነው። ሳይመቱት አልቀሩም። ሦስት ሳምንት ይሞክሩት፤ ካልተላመደ ይመልሱት" አለችኝ።

"ከፈራማ ከኔ ጋር ይግባባል" አልኳት። ሳቀች። ቀልዴን እንኳ አልነበረም።

ጥቅምት 5
ከቤቱ ሁሉ መርጦ ከደረጃው ሥር ተወሸቀ። ያ ሁሉ ሰውነት እንዴት እንደገባ እንጃ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ የምደበቀው እዚያ ነበር። ማን ነገረው?

ጥቅምት 9
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ይሄ ይበላል፣ ያውም እኔ ስወጣ ጠብቆ። ድምፅ ግን የለም።

ታላቅ እህቴ ደወለች። "መጥተሽ እዪው እንጂ፣ እትዬ" አልኳት።

"እዚያ ቤት? ከቀብሩ ወዲህ አልረገጥኩትም፣ አልረግጠውምም።"

"ሰውየው እኮ የለም።"

"እባብ ያየ በልጥ በረየ፣ ወንድሜ።"



ጥቅምት 12
"ና" ስለው ይንቀጠቀጣል። ሥጋ ይዤ፣ በለሆሳስ፣ "ና... ና..." ግድግዳው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

እኛም ቤት "ና" ማለት ቀበቶው ተፈቷል ማለት ነበር።

ጥቅምት 15
የዛሬውን መጻፍ ያሳፍራል። ልጻፈው።

ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ እያለሁ ወጣ። በጅራቱ የቀለም ጣሳውን መታና ሦስት ቀን የለፋሁበት የፋርማሲው ታፔላ ላይ ደፋው። "ና ወዲህ!" አልኩ። ድምፁ የኔ አልነበረም። የአባቴ ነው፣ ከነጉሮሮ መጥረጉ። ውሻው በቆመበት ሸና። እጄን ሳየው ቀበቶዬ ላይ ነው። ልፈታው ነበር? ሱሪዬን ላስተካክል ነበር? እግዜር ይወቀው።

ወለሉን ስወለውል አለቀስኩ። እዚሁ ቦታ እኔም ሸንቼ አውቃለሁ።

ነገ ይመለስ። ለሱ ይሻለዋል።

ጥቅምት 16
ለጠባቂዋ ደወልኩ።

"መቱት?"

"አልመታሁትም። እመታዋለሁ ብዬ ፈራሁ።"

"መምታት የለመደ ሰው እንዲህ ብሎ አይደውልም። ቀንዎ አላለቀም፤ እስቲ ይታገሡ።"

ቀበቶዬን ጣልኩት። ሱሪዬን በገመድ አሰርኩ። ለቀለም ቀቢ ምን ያንሰዋል?

ጥቅምት 20
ጠዋት ፂሜን ስላጭ ከደረጃው ሥር አቃሰተ። "አለሁ" አልኩት፣ ሳላስበው። ጸጥ አለ። "አለሁ፣ አለሁ..." መጀመሪያ አፍንጫው ብቅ አለ። ቀጥሎ ያ ትልቅ ራስ። መጥቶ እግሬ ሥር ተኛ። የሳሙናው አረፋ ፊቴ ላይ ደረቀ፤ ንቅንቅ አላልኩም።

ይህን ቃል ከየት አመጣሁት? አባቴ ብሎት አያውቅም።

ጥቅምት 25
ቀኑ ዛሬ አለቀ። መጠለያው ሄጄ ፈረምኩ፤ ውሻው የኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እህቴ! ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመች። "ውሻህን አይቼ ልሂድ" ብላ ገባች። እሱ ኮቴዋን ሲሰማ ከደረጃው ሥር ገብቷል። እሷ ምንም ሳልነግራት ጫማዋን አወለቀች፣ ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ "አለሁ" አለች።

ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ ከደረጃው ሥር፣ እሷ ልክ እንዲህ ከፊቱ። አባቴ እስኪወጣ ድረስ "አለሁ... አለሁ..." ትለኝ ነበር። እሷም እኮ ልጅ ነበረች።

ውሻው ወጥቶ አገጩን ትከሻዋ ላይ አስደገፈ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ከላይ ጉሮሮ ሲጠረግ የሰማሁ መሰለኝ። ከሦስታችን ማንም አልተነሳም።