ሁሉንም ቁጥር «እኔ ጋ ነው» ያለችው ሰርቨር

ሰኔ 24፣ ከአስር ሶላት በኋላ

የጎንደሩ ስልክ ቁጥር ተጽፎ አለቀ። የሳንጃው አለቀ። ከማክሰኝቱ ሰባት ይቀራል። እኔ እላለሁ፣ ልጄ ሐያት ትጽፋለች። ካርድ ክፍል 201። ላቦራቶሪ 204። መርፌ ክፍል 205። ቀጥይ።

ስሚኝ ደብተር። ቁጥሩ ሲያልቅ ግማሽሽ ባዶ ሊቀር ነው። ብክነት አልወድም። የቀረውን የኔ ወሬ ይሙላው አልኩ። ሐያት ሳቀች። አትሳቂ፣ አንቺ እጅ ነሽ፣ የማወራው ከደብተሯ ጋር ነው አልኳት።

እንግዲህ እወቂኝ። እንድሪስ እባላለሁ። የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው፣ የሲራራ ነጋዴ ልጅ። ፊደል አልቆጠርኩም። አኃዝ አውቃለሁ፤ ገበያ ያስተማረኝ ነው። ቁስቋም ካለው ክሊኒክ፣ በሩ አጠገብ፣ ስልክ ማዞሪያው ላይ አስራ ዘጠኝ ዓመት። ክሊኒኩ ሦስት ቤት አለው፦ ጎንደር፣ ማክሰኝት፣ ሳንጃ። ከአንዱ ቤት ሆኖ በሌላው ቤት ያለ ሰው የፈለገ ሁሉ ወደ እኔ ይደውላል። ማንን? እላለሁ። አገናኛለሁ። ወረቀት የሰጠኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሁሉም እዚህ ነው። (ሐያት፣ ጭንቅላቱን እያሳየ ብለሽ ጻፊ።)

ሰኔ 26፣ ጠዋት 3፡30

ተናድጃለሁ።

የክሊኒኩን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው ሐያት ናት። አሁን በየቤቱ አንድ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ሰርቨር ይሏታል። ስልኩ ከእንግዲህ በኮምፒውተሩ መስመር ያልፋል። ሞባይሉ እንደሆነ ሳንጃ ላይ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይተኛል።

ይሁን። ቁጥሩን ሁሉ የምታውቀው የትኛዋ ናት? አልኳት። የትኛዋም አታውቅም አለች። እያንዳንዷ የራሷን ቤት ብቻ ታውቃለች። ያላወቀችውን ጎረቤቷን ትጠይቃለች። ጎረቤቷም ካላወቀች የራሷን ጎረቤት። አለቃ የለም፣ ዋና መዝገብ የለም። አንዷ መብራት ቢጠፋባት እንኳ ሌሎቹ ሥራቸውን አያቆሙም።

አለቃ የሌለው ቤት! ሁሉን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ፣ በማያውቁ ሦስት ቆርቆሮዎች ሊተኩት! ምሳ አልበላም።

ከሰዓት፦ በላሁ። ሽሮው ሸጋ ነበር።

ሰኔ 27፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ይኼን ለማንም አልተናገርኩም። ጻፊ።

በግንቦት ነው። ቀትር ላይ ሳንጃ ደወለች። ምጥ የጠናባት ሴት አለች፣ ማዋለጃን ያገናኙኝ፣ ቶሎ። እጄ ሄደ። 113 መታሁ። 113 መጋዘን ነው፤ ቀትር ላይ ዝግ። ይጠራል፣ ይጠራል። እንደተሳሳትኩ ገባኝ። የማዋለጃው ቁጥር ግን ከጭንቅላቴ የለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቁጥር፣ ከነጭራሹ የለም።

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ዘበኛውን ብጠይቅ ያውቀዋል። በእግሬ ብሄድ ማዋለጃው ሃምሳ እርምጃ ነው። አላልኩም፣ አልሄድኩም። ማዋለጃ ስልክ አያነሳም አልኩ። ዘጋሁ።

ሴትዮዋን በአይሱዙ ጭነው አመጧት። ተረፈች፣ ልጁም ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር ብርቱካን ስልክ ያላነሳው ማነው ብላ አጣራች። ተረኛዋ ነርስ ወርቄ ነበረች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ወርቄ ማለች፤ ስልኩ አልጠራም አለች። ማን ይመናት? አያ እንድሪስ አይሳሳትም ተባለ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።

ሐያት ብዕሯን አቆመች። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ዛሬ ጠዋት ወርቄ በበሬ ስታልፍ፣ «አያ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?» አለችኝ። እንደ ሁልጊዜዋ። ማዞሪያዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ቁጥር ጠፍቶኛል። እነዚያን ቆርቆሮዎች እረግማለሁ፣ ቶሎ ሥራ በጀመሩ እላለሁ። ሁለቱንም።

ሐያት፦ አባዬ፣ ትነግራቸዋለህ?

ጻፊ እንጂ አትጠይቂ።

ሰኔ 29፣ ከሰዓት

ዝናብ። መብረቅ። ማዞሪያውን ነቅዬ ተቀመጥኩ። ሐያት ሻይ ይዛ መጣች፣ እንዲገባኝ ስትለፋ ዋለች።

ለካ ሰርቨሮቹ ዝም ብለው አይተማመኑም። እያንዳንዷ ማኅተም አላት፣ ሁለት ክፍል የሆነ። አንዱ ከቤት አይወጣም። ሌላውን ለጎረቤት ትሰጣለች። ጥያቄ ሲመጣ ጎረቤት በዚያ ያመሳክራል፤ ማኅተሙን የሚያውቀው ከሆነ መልስ ይሰጣል፣ ያልታወቀውን ከደጅ ይመልሰዋል። ይኼ ሸጋ ነው። ጥያቄውም እንደ ዘላን አይዞርም፤ ስንት ቤት እንደሚያልፍ ተቆጥሮለታል። አለዚያማ ጎንደር ማክሰኝትን፣ ማክሰኝት ጎንደርን ሲጠያየቁ ይመሻል።

ያን ጊዜ በራልኝ። ይኼማ የጠፋ በቅሎ ፍለጋ ነው! ከአባቴ ጋር ከአርማጭሆ ጥጥ ስናወጣ በቅሎ ይጠፋብናል። ከአንድ ቤት ደርሰን እንጠይቃለን። ያየ አየሁ ይላል፣ መርቶ ያደርስሃል። ያላየ አላየሁም ይላል፤ ግን እንዲሁ አይሸኝህም፣ ወጥቶ ከጎረቤቱ ደጅ ያደርስሃል። ደንብ ነው። በዚያ ደንብ ስንት በቅሎ አገኘን! አንዲት ብቻ ናት ያመለጠችን። እሷን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ይቆየኝ።

ምነው ከመጀመሪያው እንዲህ አላልሽኝም አልኳት። አንተ አስተማርከኝ እንጂ እኔማ በእንግሊዝኛ ነው የማውቀው አለች። ደስ አለኝ። ይኼንም ጻፊው።

ሐምሌ 1፣ ጠዋት 4፡00

ተጀመረ። የጎንደሩንና የሳንጃውን ሐያት ከዚሁ ሆና አሰናዳች። የማክሰኝቱን እዚያ ያለው ባለሙያ ደሳለኝ። ደግ ልጅ ነው ደሳለኝ፣ ሲበዛ ሰው አክባሪ፤ በስልክ እንኳ ሲያወራኝ ከወንበሩ ይነሳል ይሉታል።

ጎንደር ለጎንደር፣ ጥሩ። ጎንደር ለማክሰኝት፣ ጥሩ፣ እንዲያውም ከድሮው ጥርት ያለ። ጎንደር ለሳንጃ መድኃኒት ቤት፣ 309። አንዲት ድምፅዋ የተቀዳ ሴት፦ የደወሉት ቁጥር የለም። ሐያት አየችው፤ ስልኩ ሳንጃ አልሄደም፣ ማክሰኝት ገብቷል። 301 ሞከረች፣ ማክሰኝት። 306፣ ማክሰኝት።

ሳንጃ ወዲህ በአርማጭሆ በኩል፣ ማክሰኝት ወዲያ በባሕር ዳር መንገድ። በቅሎ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም።

ሐምሌ 2

አሁንም ያው። ሐያት መስመሩን አየች፣ ማኅተሞቹን እንደገና ለዋወጠች። ዐይኗ ቀልቷል።

ሲስተር ብርቱካን መጣች። እስከ ነገ ማታ ካልተስተካከለ ይነቀል፣ ወደ ድሮው እንመለስ አለች። «አያ እንድሪስ እያሉልን ምን አስጨነቀን?» ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ከዓመት በፊት ብትለኝ ደረቴን ነፍቼ ወር እከርም ነበር። ዛሬ ግን ቁጭ አልኩ። ሌላ ሴት ምጥ ይዟት ቢደወልስ? ሌላ ወርቄ ደብዳቤ ቢጻፍባትስ?

ሐምሌ 3፣ ጠዋት 5፡00

አገኘሁት! እኔ!

ሐያት አጠገብ ተቀመጥኩ። ስትጠይቂ ምን ይሉሻል፣ አንድ በአንድ ንገሪኝ አልኩ። ጎንደር ሁለቱን ትጠይቃለች፦ 309 ማን ጋ ነው? ሳንጃ እኔ ጋ ነው ትላለች። ማክሰኝትም እኔ ጋ ነው ትላለች። የማክሰኝት መስመር ፈጣን ነው፣ ቀድማ ትመልሳለች። ጎንደርም አምና ትከተላታለች።

እስቲ ማንም የሌለውን ጠይቂያት አልኩ። 777። ማክሰኝት፦ እኔ ጋ ነው። 888። እኔ ጋ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ አላውቅም ብላ ታውቃለች? ሐያት ፈለገች። የለም፣ አንድም።

ከወንበሬ ተነሳሁ። ይቺማ ከአባቴ ጋር በትክል ድንጋይ አገር ያገኘነው ያ ሰውዬ ናት! ያመለጠችን በቅሎ የጠፋችው በሱ ነው። አይተሃታል ወይ ስንለው፣ አዎ፣ ገደሉን ተሻግራ ማዶ አለች አለን። አላየም። እንግዳን አላየሁም ብሎ መመለስ አፍሮ ነው። ማዶ ስንንከራተት ዋልን፤ በቅሏችንን ከኋላችን ጅብ በላት።

ለደሳለኝ ደወልንለት።

«ደሳለኝ፣ ምነው የማታውቀውን አውቃለሁ ትላለህ?»

«አያ፣ እንግዳ ደጄ መጥቶ ጠይቆኝ የለም ልበለው? ነውር አይደለም ወይ! ሁሉም እኔ ጋ ይግባ፣ እኔ ወደየቤቱ አደርሳለሁ ብዬ ነዋ።»

«ታዲያ አደረስክ?»

«የማድረሻውን ትእዛዝ... ኋላ እጽፈዋለሁ ስል ረሳሁት።»

ሐያት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጮህኩበት። አላውቅም ማለት ነውር አይደለም አልኩት፣ ነውሩ የሌለህን አለኝ ማለት ነው። መንገድ ላይ ምጥ የያዛት ሴት ብትኖርስ...

ስልኩን ለሐያት ሰጥቼ ወጣሁ።

ሐምሌ 3፣ ከሰዓት 11፡00

ደሳለኝ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ማክሰኝት አሁን የራሷን ሁለት መቶዎች ብቻ አውቃለሁ ትላለች። 777 ሲሏት፣ አላውቅም። ደስ የሚል አላውቅም።

309 ግን አሁንም ማክሰኝት ገባ! ልፈነዳ። ሐያት ተረጋጋ አለችኝ። ጎንደር የሰማችውን መልስ አንድ ሰዓት ትይዘዋለች፣ በየደቂቃው ጎረቤት ላለማድከም። ሰዓቱ ሲሞላ ትጥለዋለች፣ እንደገና ትጠይቃለች። ውሸቱ ታርሟል፤ ወሬው ነው ያልሞተው።

ጠበቅን። ሶላቴን ሰገድኩ። መጣሁ። 309። አንድ ጊዜ ጠራ።

«ሳንጃ መድኃኒት ቤት!»

ከጎኔ የቆመች ያህል። ዝናብ አለ ወይ? አልኳት። ከትናንት ጀምሮ አለች። ሐያት አንገቴን አቀፈችኝ። አልከለከልኳትም።

አንድ ሰዓት። ከታረመች በኋላ የዚያች ውሸት ዕድሜ አንድ ሰዓት ነበር። የኔዋ ከግንቦት ጀምራ አለች።

ሐምሌ 5፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ማዞሪያዬ ዝም ብሏል። ወርቄ በበሬ ሮጣ አለፈች፣ ጓንቷን እያጠለቀች። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው። ምንድን ነው አልኩ። ከሳንጃ ምጥ የጠናባት ሴት እየመጣች ነው፣ ደውለው ነግረውኛል አለች።

ደውለው? በእኔ በኩል ያለፈ የለም። ሳንጃ ጎንደርን ጠየቀች፣ ጎንደር እኔ ጋ ነው አለች፣ ወርቄ አነሳች። አለቀ።

የምከፋ መስሎኝ ነበር። ደብተር፣ በቅሎ ረጅም መንገድ ሄዳ ጭነት ሲወርድላት አይተሻል? መሬት ላይ ትንከባለላለች። ባላፍር እኔም እንከባለል ነበር።

ሴትዮዋ በ7፡00 ደረሰች። ወንድ ልጅ። ወርቄ ራሷ መጥታ ነገረችኝ።

ሐምሌ 6፣ ከአስር ሶላት በኋላ

ሲስተር ማዞሪያውን አንስታ እኔን እንግዳ ተቀባይ አደረገችኝ። ከዚያው ወንበር። ዛሬ አንድ ባላገር አዲሱ ዶ/ር የት ነው አለኝ። ሰውየውን አላየሁትም፣ ክፍሉንም አልነገሩኝም። በጣቴ ወደ አንዱ በር ላመለክተው እጄ ተነስቶ ነበር። መለስኩት። አላውቅም፣ ና ከሚያውቅ ላድርስህ አልኩ። እስከ ካርድ ክፍል ሸኘሁት። ሰማይ አልተደፋብኝም። ሰውየው እንዲያውም መረቀኝ።

እንግዲህ ጻፊ። ነገ በሁለት ሰዓት፣ ሲስተር ቢሮዋን ስትከፍት እገባለሁ። ወርቄም ትጠራልኝ፣ ፊቷ ላይ ነው የምናገር። ሲስተር ብትቆጣኝ ትቆጣ። ከበሩ ብታስነሳኝም ታስነሳኝ፤ ያቺ ደብዳቤ ግን በወርቄ ስም አታድርም።

ሐያት አብሬህ ልግባ ወይ አለች። ግቢ፣ ደብተሯን ይዘሽ። ምላሴ ቢተሳሰርብኝ የሰኔ 27ን ገጽ ታነቢላቸዋለሽ፤ ድምፅሽን ሳትቀንሺ።

የሚተሳሰር ግን አይመስለኝም። ያን ቀን ጥፋቱ ማን ጋ ነበር ስትል፣ ሲስተርን ቀና ብዬ አይቼ፣ እኔ ጋ ነው እላታለሁ።