አሥራ ዘጠኝ አንዶች

ይድረስ ለተከበሩ አማቴ፣

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ጓሮው፣ ጎረቤቱ፣ ድመቷስ? የላኩልን አዲስ ሻይ ቅጠል ደርሶናል፤ እጅዎ ይባረክ። እኛም ከነጉድለታችን አለን።

ስለ ኪዮሃሩ በስልክ ሲጠይቁኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ሳልፈው ቆየሁ። እውነቱን ልንገርዎ። ልጅዎ ቁጥር ያካፍላል። ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር፦ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተደርድሮ። ገላውን ሲታጠብ እንፋሎት በሸፈነው መስኮት ላይ በጣቱ ይጽፈዋል። ገበታ ላይ ሩዙ እየቀዘቀዘ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በር ሲዘጋ ከሰማ ላብ ያጠምቀዋል።

ቢጨንቀኝ ጠየቅሁት። ልጅ ሳለ ባጠፋ ቁጥር፣ ፍራሽ ታጥፎ የሚቀመጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ባትሪና ወረቀት ተሰጥቶት ይዘጋበት ነበር አለኝ። ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን ሲያገኝ በሩ ይከፈትለታል። በሦስት ሞከረ፣ ተረፈ። በሰባት፣ ተረፈ። በአሥራ ሦስትም እንዲሁ። የሚወጣው እንቅልፍ ሲጥለው ብቻ ነበር። ማን እንደዘጋበት አልነገረኝም። እኔም አባቱ ናቸው ብዬ ሙት ወቃሽ ሆኜ ከረምኩ።

ቁጥሩን ለልጃችን ለቺዙሩ የሒሳብ አስተማሪ ለወይዘሮ ኦኖዴራ አሳየኋቸው። አይተው ፊታቸው ተለወጠ። «ይኼ እኮ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ለልጅ እንዲህ ያለውን የሰጠ ሰው፣ እንደሌለው እያወቀ ነው» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ለኪዮሃሩ ነገርኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው ያወቅሁት። ማወቄ ግን አላስወጣኝም።»

ባለፈው እሑድ ቺዙሩን ለምሳ ብጠራት አልመጣችም። ቤቱን አስሼ አስሼ፣ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የእርሳስ ድምፅ ሰማሁ። ከፈትኩት። ፍራሾቹ መሃል ተቀምጣ፣ ባትሪውን በጥርሷ ነክሳ፣ አንዶች ደርድራለች። ማን እዚህ አስገባሽ ብላት፣ ማንም አለች።

«ለክረምቱ እየተለማመድኩ ነው። አያቴ ቤት ስሄድ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንዳልቸገር።»

የዚያን ዕለት ኪዮሃሩን አባቱ መቼ እንደሞቱ ጠየቅሁት። እሱ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለ፣ መርከባቸው ሰጥማ ነው አለኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁትም። የቁም ሳጥኑን በር አብረን ነቅለን ደጅ አወጣነው።

እማማ፣ ሙታን ወደየቤታቸው በሚመለሱበት በቦን በዓል ሰሞን ቺዙሩን ላኪልኝ፣ ሒሳብም አስጠናታለሁ ብለውኛል። አትመጣም። ዘንድሮም፣ ከርሞም። ኪዮሃሩ ለአባቱ ዕጣን ሊያጨስ ብቻውን ይመጣል፤ እዚያ ግን አይውልም፤ አያድርምም።

ጤናዎን ይስጥልኝ። ዕድሜዎ ይርዘም፤ እሱ አንድ ቀን አፍ አውጥቶ ሲጠይቅዎ መልስ ለመስጠት የሚበቃ ይሁን።

የልጅዎ ሚስት፣ የቺዙሩ እናት